በሳሙና ካርቶን ላይ የተጻፈ ዳዊት

ባለፈው ቅዳሜ ለዘመድ ልጅ ሠርግ ወደ አማኑኤል ከተማ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ከጎኔ ተቀመጠች። ጥቂት እንደ ተጓዝን ፊቴን ሰረቅ እያደረገች ታይ ጀመር። ሰው ሲያየኝ አልከፋም፤ ስልሳን ካለፍኩ ቢቆይም የነጠላዬን ጥለት ዛሬም መርጬ ነው የምገዛው። በመጨረሻ ድፍረት አገኘችና «ይቅርታ፣ እትዬ ውባለም አይደሉም? የቤተ መጻሕፍቷ?» አለችኝ። «ነኝ» አልኳት። «እኔን አያውቁኝም። ፎቶዎን ከጡረታ ሽኝትዎ ሥዕሎች ላይ አይቼዋለሁ። አሁን እርስዎ ይሠሩበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ የምሠራው እኔ ነኝ። ካርቶንዎ እኮ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ!»

ካርቶኔ! ስንት ኮምፒውተር ተሽሮ ስንት ተሾሞ፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ፣ እኔም ተሸኝቼ፣ እሱ አለ። የአንድ ክንድ ቁመት ያለው የሳሙና ካርቶን ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ በሁለት ረድፍ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በግራ በኩል የእኛ ዳዊት መዝሙሮች፣ በቀኝ በኩል የፈረንጆቹ። «ለምን አላነሳችሁትም?» አልኳት፣ እንዲያው ከአፏ ለመስማት ያህል እንጂ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። «ኧረ እንዴት ይነሣል! ከገዳም የመጡ መነኩሴ ሳይቀሩ እሱን አይተው ነው የሚጠይቁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለምን በሳሙና ካርቶን ላይ ጻፉት?» አለች። መኪናው አማኑኤል እስኪደርስ የነገርኳት ይህንን ነው፤ እዚህ የምጽፈው ግን ለእሷ ያልነገርኳትንም ጨምሬ ነው።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከመናኸሪያ እስከ አብማ ሰፈር በጋሪ በአንድ ብር ይደረስ ነበር፤ ዝናብ ከመጣ ባለጋሪው ላስቲክ አልብሶ ሃምሳ ሳንቲም ይጨምራል። ሻይም ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ብርጭቆውን እንኳ አያሳዩም። የቢሮ ሴት ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ትለብሳለች፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሹራቡ በላይ ነጠላ፤ የማርቆስ ብርድ ደግሞ ሦስቱንም አልፎ ይገባል። ወንዶቹ ትከሻው የሰፋ ኮት ነበራቸው፤ አንዳንዱ ኮት ባለቤቱን ይዞት የሚሄድ ይመስል ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ ካሴት ቤት ነበረች። ባለቤቷ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ነው የሚያዞረው፤ እኛም ወደድንም ጠላንም እናጠናው ነበር። ዛሬ ያ ሱቅ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ ያንን ዘፈን ይጠብቃል።

እኔ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የካርድ መሳቢያዎች ኃላፊ ነበርኩ፤ የየመጽሐፉ ስምና ቦታ በትንንሽ ካርድ ተጽፎ እነሱ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የስድስት ወር ሥልጠና ወስጄ፣ ጋዝና አሮጌ ወረቀት በሚሸተው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው እንጂ፣ በዚያ ከተማ ከእኔ ፈጥኖ መጽሐፍ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። መሳቢያውን ሳልከፍት መጽሐፉ ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ ጀርባው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ፣ አንዳንዴም ማን ወስዶ እንዳልመለሰ እናገር ነበር። መምህራኑ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያነሡልኝ ነበር፤ ባርኔጣ ያልነበረው ደግሞ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

ይህ የማስታወስ ነገር ከየት እንደመጣልኝ አውቃለሁ። ከአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ላቀው ደብረ ኤልያስ ውስጥ ስንት ደቀ መዝሙር ያፈሩ ሰው ናቸው። ታላቅ ወንድሜን ታደለን ቤት ውስጥ ዳዊት ሲያስጠኑት፣ እኔ ጥግ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ምስሩን እለቅማለሁ፣ ቃሉንም እለቅማለሁ። ታደለ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይወድም፤ ሲደናቀፍ ከአፌ ሾልኮ ይወጣብኛል። አባባ አንድ ቀን ምስሩን ወዲያ አስቀምጠው «ነይ እስቲ፣ ከመጀመሪያው በይው» አሉኝ። አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንንም ያስተምሩን ጀመር፤ እሱን በግልጽ፣ እኔን ግን ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

በእኛ አገር ልጅ ዳዊት ሲደግም ይደገስለታል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ልጁ በሰው ፊት ቆሞ ከመዝሙሩ ጥቂቱን በቃሉ ይልና ይመረቃል። ለታደለ በግ ታረደለት። ሃምሳኛውን፣ ንጉሡ ዳዊት ጥፋቱን አምኖ ያለቀሰበትን የንስሐ መዝሙር፣ እንዲል ተመረጠለት። ግማሹ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ቤቱም አብሮት ዝም አለ። የአባባ ፊት አመድ ሲመስል በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁና ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ቀጣዩን ቃል ሹክ አልኩት። ያዘውና ቀጠለ፣ ሰው እልል አለ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁት። ከሁለት ወር በኋላ እኔ መቶ ሃምሳውንም አንድ ሳላስቀር በቃሌ ጨረስኩ። «የእኔስ ድግስ መቼ ነው፣ አባባ?» አልኳቸው። አባባ መሬት መሬት አዩና «ለሴት ልጅ ዳዊት ቢደገስ ሰው ምን ይላል፣ ልጄ? ቅዳሴ አትቀድሺበት፣ ማኅሌት አትቆሚበት» አሉ። ተቀየምኩ፤ ቂሙንም ለብዙ ዓመት ተሸክሜው ኖርኩ።

ኮምፒውተሮቹ የመጡት እኔ ባለቤቴን ቀብሬ፣ አባባንም ከደብረ ኤልያስ አምጥቼ አብማ አብረን መኖር በጀመርንበት ዘመን ነው። ሁለት ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር በስጦታ የመጣ አንድ ሳጥን ሲዲ ነበር። ሲዲዎቹ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ይባላል አሉን። በዓለም ላይ በየመጽሔቱ የወጡ ጽሑፎች ዝርዝር ነው፤ ከጽሑፎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው አሉበት። መጽሐፍ ቅዱስን የሚመለከተው ሲዲ ደግሞ የራሱ መላ ነበረው። ስክሪኑ ላይ በምትታይ አንዷ ሳጥን ውስጥ የመጽሐፉን ስም በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ ቀጣይዋ ውስጥ የምዕራፉን ቁጥር ማስገባት ነው። ኮምፒውተሩ ጥቂት ያጉረመርምና ስለዚያ ምዕራፍ የተጻፈውን ሁሉ ይደረድረዋል። የእኛ ካርድ መሳቢያ ስለ ምዕራፍ ምን ያውቃል? የመጽሐፉን ስም ካወቀም ትልቅ ነገር ነው።

አለቃችን አቶ ብርሃኑ ቢሮአቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ግን ነበሩ። «ወይዘሮ ውባለም» አሉኝ፣ «መሳቢያዎቹ ሊዘጉ ነው። ይህን ዳታቤዝ በሦስት ወር ውስጥ ከቻሉት ጠረጴዛው የእርስዎ ነው። ካልሆነ በኮምፒውተር የተመረቀ ሰው እናስመጣለን፣ እርስዎም ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራሉ።» ንብረት ክፍል ማለት ከግቢው ጀርባ ያለች፣ የተሰበረ ወንበርና ባልዲ የሚጠበቅባት ጨለማ መጋዘን ናት። «በሁለት ወር እችለዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ቻልኩትም። ምሳ ሰዓቴን ለዚያ ማሽን ሰጠሁት። በሁለት ጣት ነበር የምጽፈው፤ ጣቶቼም ሳላስበው የካሴት ቤቱን ዘፈን ምት ይከተሉ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ መምህራኑ እንደ ድሮው እኔን ፈልገው መምጣት ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ጌትነት ነበር፤ ቀጠን ያለ፣ ኪሱ ሁልጊዜ በወረቀት የተወጠረ ጎልማሳ። አዲስ አበባ ሄዶ የሚያቀርበው ጥናት ነበረው። «ስለ መዝሙረ ዳዊት ሃምሳኛው፣ ስለ ንስሐው መዝሙር፣ ያለውን ሁሉ ፈልጊልኝ። የሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ነው የምሄደው» አለኝ። አቶ ብርሃኑ በአጠገቡ ቆመው ስለነበር «ይኸው፣ ፈተናዎ ይሁን» ብለው ሳቁ።

የመጽሐፉን ስም ጻፍኩ፣ ከጎኑ አምስትና ዜሮ መታሁ። ማሽኑ አጉረመረመና አሥራ አራት ጽሑፍ ወለደ። አሥራ አራት! ሁሉንም አትሜ፣ በሁለት ስፒል አያይዤ፣ ማክሰኞ ከቀትር በፊት አቶ ብርሃኑ እያዩ ለመምህር ጌትነት አስረከብኩት። አላነበብኩትም። ቁጥሩ ሃምሳ ነው፣ የተጠየቅሁትም ሃምሳ ነው፤ ምን ይነበባል? ከሥራ ስመለስ መንገዱ ሁሉ የእኔ ነበር። ለራሴ ያስቀረሁትን አንድ ቅጂ ለአባባ ላሳይ በቦርሳዬ ይዤ፣ በዚያ ቀን በእግሬ ሳይሆን በጋሪ ነው የገባሁት።

አባባ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃን ከጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አያዩም። በረንዳ ላይ ዝንብ በጭራ እየተከላከሉ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ስለ ሃምሳኛው መዝሙር ፈረንጆች የጻፉትን እንዳመጣሁ ነገርኳቸው። «እስቲ ምን አሉ?» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። አንዱን አውጥቼ በዚያች በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ጠርቶ ሕዝቡን ይከራከራል፣ የወይፈንና የፍየል መሥዋዕት አያስፈልገኝም ይላል፣ የዱር አራዊት ሁሉ የእኔ ናቸው ይላል። አባባ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ።

«ውቤ፣ ይህ እኮ አርባ ዘጠነኛው ነው።»

«አይደለም አባባ፣ ሃምሳ ነው። እዚህ ተጽፏል።»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደለም? የማክሰኞው ንባብ ውስጥ ስላለ ጠዋት ደግሜዋለሁ። አርባ ዘጠነኛው ነው። ሃምሳኛው ለቅሶ ነው፤ ወይፈን ምን ሊሠራ ይገባል?»

«ኮምፒውተር እንደ ሰው አይሳሳትም፣ አባባ።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አሉና ጭራቸውን እንደገና አነሡ። «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ? ቃሉ አፍሽ ላይ ነው፤ እስቲ በይው።»

ማለት አላስፈለገኝም፤ ወረቀቱን እያነበብኩ ሳለ ውስጤ አውቆት ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አርባ ዘጠነኛው፣ ዓይኔ እያየ በእንግሊዝኛ ልብስ ሃምሳ ተብሎ ቁጭ ብሏል። የማውቀውን ትቼ ቁጥሩን አመንኩ። አፈርኩ፤ ይህን አልደብቅም። በዚያ ላይ ማንም አያውቅም ነበር። መምህር ጌትነት ወረቀቱን ኪሱ ከትቶታል፣ አቶ ብርሃኑ ፈተናዬን አልፌያለሁ ብለዋል። ብናገር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብኛል፤ ንብረት ክፍል አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ዝም ብል ግን ያ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ በሊቃውንት ፊት ስለ ንስሐ እያወራ የወይፈን ጥቅስ ሊያቀርብ ነው። እኔም እስከ ዕለተ ሞቴ አባባን ቀና ብዬ ማየት አልችልም።

ረቡዕ ጠዋት መምህር ጌትነትን ሻይ ቤት አገኘሁት። «ትናንት የሰጠሁህ በሙሉ ስለ ሌላ መዝሙር ነው። መልስልኝ፣ ትክክለኛውን እሰጥሃለሁ» አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። «በስመ አብ!» አለ። አላኮረፈም፤ እንዲያውም አመሰገነኝ። ግን ወሬው ሻይ ቤት ውስጥ ስለሆነ የተወራው፣ አራት ሰዓት ሳይሆን አቶ ብርሃኑ ጋ ደርሶ ተጠራሁ።

«ማሽኑን ካልቻሉት እኮ ቀድመው ይንገሩን» አሉኝ።

«ማሽኑን ችዬዋለሁ። የእኛን ዳዊት የማያውቀው ማሽኑ ነው።»

«ታዲያ ማን ያስተምረው?»

«እኔ። እስከ ሰኞ ይታገሱኝ። ሰኞ የፈለጉትን ቁጥር ይጥሩልኝ፤ ከተሳሳትኩ የመጋዘኑን ቁልፍ ራሴ መጥቼ እቀበላለሁ።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከአባባ ጋር በረንዳው ላይ ነን። ከቤተ መጻሕፍቱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተውሼአለሁ። ታደለ አምበር ላይ ሱቅ ነበረው፤ ወደ እኛ ሲመጣ ሳሙና ይዞበት የመጣው ካርቶን ጥግ ወድቆ ነበር። ንጹሕ ወረቀት ለማተሚያው አልቆብኝ ስለነበር የካርቶኑን አንድ ጎን ቀደድኩና ጉልበቴ ላይ አነጠፍኩት። አባባ በግእዙ ይላሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛው እከተላለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እስከ ስምንት ድረስ እኩል ሄድን። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ የእኔ አለቀ፣ አባባ ግን አላቆሙም።

«ይበቃል አባባ፣ የእነሱ አልቋል።»

«የእኛ መቼ አለቀ?» ብለው ቀጠሉ።

ገጹን ገለጥኩ። አባባ የሚሉት አሥረኛው ውስጥ አለ። የእኛን ዘጠነኛ ለሁለት ከፍለው ዘጠኝና አሥር ብለውታል! ከዚያ ወዲያ እነሱ በአንድ ቁጥር ይቀድሙናል፤ የእኛ ሃምሳ የእነሱ ሃምሳ አንድ ነው። አባባ ዳዊትን በአሥር በአሥር ከፍለው ነው የሚያውቁት፤ እያንዳንዱን አሥር ንጉሥ ይሉታል። ይህን ስነግራቸው ከልባቸው ተገረሙ። «አምስተኛውን ንጉሥ የሚዘጋው እኮ ያ የንስሐው ነው። ታዲያ የእነሱን አምስተኛ ንጉሥ ማን ዘጋው?» አሉ፣ ለፈረንጆቹ እያዘኑላቸው። ወደ መጨረሻው ግድም ሁለት ቦታ ነገሩ ተጠላልፎ ሁለት ምሽት ፈጀብን። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ ግን የእኛና የእነሱ ቁጥር እንደገና ገጠመ። «እሰይ፣ ታረቁ» አሉ አባባ። በአንዳንዱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን እንደሚታተሙ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ በጊዜው ባውቀው ኖሮ እነዚያን ምሽቶች አጣቸው ነበር፣ እንኳንም አላወቅሁ።

ሰኞ መምህር ጌትነት የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ይዞ፣ አቶ ብርሃኑ ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ ሁለት ሌሎች መምህራንም ወሬ ሊያዩ መጥተው ቢሮው ሞላ። ካርቶኑን አላወጣሁትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«ሃያ ሦስት» አለ ጌትነት።

«የእረኛው ነው። በእኛ ሃያ ሁለት።»

«ዘጠና።»

«የሙሴ ጸሎት። ሰው ጠዋት አብቦ ማታ እንደሚደርቅ ሣር መሆኑን የሚናገረው። በእኛ ሰማንያ ዘጠኝ» አልኩና መግቢያውን በግእዝ ወረድኩት። ከመምህራኑ አንዱ፣ ልጅ እያለ ዲያቆን የነበረ፣ ከንፈሩ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር።

አቶ ብርሃኑ መጽሐፉን ከጌትነት እጅ ተቀበሉ። ገልጠው ገልጠው «መቶ አርባ ስምንት» አሉ።

«ፀሐይና ጨረቃ፣ በረዶና እሳት ሁሉ የሚያመሰግኑበት። በእኛም መቶ አርባ ስምንት።»

«ተሳሳቱ!» አሉ በደስታ። «እስካሁን አንድ እየቀነሱ ነበር እኮ።»

«አልተሳሳትኩም። መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ» አልኳቸው። ጌትነት ጎንበስ ብሎ አመሳከረና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ብርሃኑ መጽሐፉን ዘጉት። «ይህንን የት ነው የተማሩት?» አሉኝ። «ምስር ስለቅም» አልኳቸው። ካርቶኑን ራሳቸው መዶሻ አስመጥተው ከኮምፒውተሩ ጎን ያስመቱት በዚያው ዕለት ነው። ጌትነትም ስለ ንስሐው መዝሙር የተጻፉ አሥራ አንድ ጽሑፎች ይዞ አዲስ አበባ ሄደ።

እቤት ገብቼ ለአባባ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መቶ አርባ ስምንት ላይ ስደርስ ብቻ ሳቅ አሉ። እኔም ትንሽ ከፋኝ፤ የሚያሞግሱኝ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ጎረቤቶቹ ሁሉ አሉ፤ ሴቶቹ ጠላ ይቀዳሉ፣ ታደለም ከአምበር መጥቶ በጉን ገፎ ጨርሷል። ልቤ ደንግጦ አባባን በዓይኔ ፈለግኋቸው። በደህና ጋቢያቸው ተጠቅልለው መሐል ተቀምጠዋል። «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባባ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። «ጎረቤቶቼ» አሉ፣ «የጠራኋችሁ ልጄ ውባለም ዳዊት ስለደገመች ነው።»

«መቼ ነው የደገመችው?» አለች አንዷ።

«ሠላሳ ዓመት ሆናት። ሰው ምን ይላል ብዬ ድግሷን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ብዬ ዛሬ አደረስኩት።» ከዚያ ድምፄን ወደሰሙበት ወደ እኔ ዞሩ። «ሃምሳኛውን በይልን፣ ልጄ። የእኛን ሃምሳ።»

ከአርባ ዓመት በላይ የሆነኝ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እንደ ሕፃን እጄን አጣምሬ በሰው ፊት ቆምኩ። ጀመርኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ሰኞ በእነዚያ ሁሉ መምህራን ፊት ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ ግን አባባ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁና አቆምኩ። ቃሉ አልጠፋብኝም፤ መውጫ አጣ እንጂ።

ያኔ ከጀርባዬ፣ እጁ ገና የበግ ደም እንደነካው፣ ታደለ ቀጣዩን ቃል ሹክ አለኝ። ዳዊቱን ሁሉ ከረሳው ስንት ዘመኑ፤ ያችን አንዲት ቃል ግን፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የሰጠሁትን፣ ሳይጥል ይዟት ኖሯል። ተቀበልኩትና እስከ መጨረሻው አደረስኩት።